ፈረሴ ጨጓራ ይኖርበት ይሆን?

የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሞቻችን መልስ

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከአዲስ አበባ ዙሪያ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ችግር ስለሆነ አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከሰበታ ነው። የሰባት ዓመት የጋሪ ፈረስ አለኝ፤ ከፋሲካ ወዲህ እየከሳ ነው። ጭዱን ይበላል፤ ገብሱን ግን ሁለት ሦስቴ ጎርሶ ይተወዋል። ከዚያ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ ደጋግሞ ያዛጋል። ጠዋት ስንወጣ ደህና ነው፣ ረፋዱ ላይ መለገም ይጀምራል። አንዱ ቁርጠት ነው ይለኛል፣ ሌላው ትል ነው ይላል። እንደ ሰው ጨጓራ ይኖርበታል የሚልም አለ። ፈረስ ጨጓራ ያመዋል እንዴ? — ባለጋሪ፣ ከሰበታ

መልስ፦ ያመዋል። የእርስዎ ፈረስም ይህ በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም የሚያሰኙ ምልክቶች አሉት። ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚስበው ጭዱን እየበላ ገብሱን መተዉ ነው። ጥርሱን የታመመ ፈረስ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጭድና ድርቆሽ ሲያላምጥ ይቸገራል፣ ያላመጠውን ጠቅልሎ መሬት ላይ ይጥለዋል፣ ለስላሳውን ግን ይበላል። ጨጓራው የቆሰለ ፈረስ እህል ሲገባበት ስለሚያቃጥለው ጥቂት ጎርሶ ያቆማል።

በሽታው ከየት እንደሚመጣ ካወቁ አብዛኛውን ሕክምና ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ሰው አሲድ የሚያመነጨው በዋናነት ምግብ ሲቀርብለት ነው። የፈረስ ጨጓራ ግን ቢበላም ባይበላም፣ ቢተኛም ቢቆምም፣ ሃያ አራት ሰዓት አሲድ ያመነጫል። ፈረስ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ቀኑንና ሌሊቱን አብዛኛውን ጊዜ በመጋጥ የሚያሳልፍ እንስሳ ስለሆነ አፈጣጠሩ ለዚያ ነው። አሲዱን የሚያበርደው ምራቁ ነው። ምራቁ ደግሞ የሚወጣው ሲያላምጥ ብቻ ነው፤ አፉ ሲያርፍ ምራቁም ይቆማል። ከዚህ ሌላ የጨጓራው የላይኛው ክፍል እንደ ታችኛው በንፍጥ የተሸፈነ አይደለም፣ ስስ ቆዳ ነው። ሆዱ በሣር ሲሞላ ሣሩ ከላይ ምንጣፍ ሆኖ አሲዱን ከታች ያስቀረዋል። ሆዱ ባዶ ከሆነና ፈረሱ ሶምሶማ ወይም ግልቢያ ከጀመረ የሆድ ጡንቻው ጨጓራውን ይጨምቀዋል፣ አሲዱም ወደ ላይኛው ስስ ቆዳ ይረጫል። ፈረስዎ ጠዋት ደህና ሆኖ ረፋዱ ላይ የሚለግመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የሚበላው ዓይነት ሳይሆን አፉ ሥራ ፈቶ የሚቆይበት ሰዓት ነው። ፈረስ አንድ ኪሎ ድርቆሽ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁለት ኪሎ ጥለውለት ከገቡ ከ3 ሰዓት በፊት ይጨርሰዋል። ከዚያ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ስምንት ሰዓት ባዶ ሆዱን ይቆማል ማለት ነው። ጨጓራው አሲድ የሚበዛበት ደግሞ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ገብስ ብቻ ሰጥተው ከጠመዱት ጉዳቱ ተደራረበ። ፈረስ ያለ ሣር ወይም ድርቆሽ ከስድስት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ያድርጉ። ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ጭዱ ነው። በዙሪያችን ያለው አብዛኛው የጋሪ ፈረስ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጭድ ሌላ አያይም። ጭድ ብቻውን ሲሆን የጨጓራ ቁስለትን ያባብሳል። ደረቅና ሻካራ ነው፣ አሲድ የሚያበርድ ካልሲየምና ፕሮቲንም የለውም ማለት ይቻላል። ጨርሰው ይተዉት አንልዎትም፤ አቅምዎን እናውቃለን። ግን ከሚበላው ሣር ነክ መኖ ከሩብ እስከ ሲሶ ካለፈ ይቀንሱት። ቀሪውን ድርቆሽ ያድርጉት። የሱሉልታ ድርቆሽ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚታጨድ ዋጋው የሚቀለው ያን ጊዜ ነው። ሲገዙ እስሩን ፈተው መሃሉን ያሽትቱ። የሻገተ ወይም ውስጡ የሞቀ ከሆነ በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ።

ሦስተኛው እህሉ ነው። ገብስ ከግማሽ በላዩ ስታርች ነው። ለጨጓራ አደገኛ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በአንድ መኖ ከ1 ግራም፣ በቀን ደግሞ ከ2 ግራም በላይ ስታርች ሲሆን ነው። ለ250 ኪሎ ፈረስ ሲሰላ ብቻውን ቢሰጥ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ፣ በቀን ከአንድ ኪሎ የማይበልጥ ገብስ መሆኑ ነው። ብዙ ባለጋሪ ማታ ላይ ሁለትና ሦስት ኪሎ በአንዴ ይሰጣል። ፈረሱን ለማጠንከር ብሎ የሚያደርገው ራሱ ያሳምመዋል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ ለሚሠራ 250 ኪሎ ፈረስ ይህን እንመክራለን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አንድ ኪሎ ድርቆሽ ይስጡትና ካላመጠው በኋላ ይጥመዱት። ቀን ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ሁሉ ከጋሪው ጎን ድርቆሽ የያዘ ከረጢት ይንጠልጠል። ልጓሙ ከአፉ ካልወጣ በደንብ ስለማያላምጥ ያውጡለት። ቀኑን ሙሉ አንድ ኪሎ ተኩል ይበቃል። እህሉን ጠዋትና ማታ ይክፈሉት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ 400 ግራም የተከካ ገብስ፣ 250 ግራም ፉርሽካ፣ 250 ግራም የኑግ ፋጉሎ። የኑግ ፋጉሎ ስታርች የለውም ማለት ይቻላል፣ ጉልበትና ፕሮቲን ግን አለው። ፈረሱ ከስቶ ከሆነ በእያንዳንዱ መኖ ላይ 50 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ይጨምሩ። ዘይቱን በአንድ ቀን ሳይሆን በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደዚህ መጠን ያድርሱት። እህል ሁልጊዜ ከድርቆሽ በኋላ ይሰጣል። ማታ ሦስት ኪሎ ድርቆሽ ለሁለት ከፍለው ግማሹን እንደገባ፣ ግማሹን እርስዎ ሊተኙ ሲሉ ይስጡት።

የሌሊቱን ድርቆሽ በመረብ ውስጥ ማድረግ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ዓይኑ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ መረብ ከገመድ ሊጠላለፍ ይችላል። ፈረሱ በከንፈሩ ጥቂት ጥቂት እየሳበ ስለሚበላ ያው ድርቆሽ እጥፍ ጊዜ ይቆይለታል። መረቡ ባዶ ሆኖ ሲንጠለጠል ወደ ደረቱ እንዳይወርድ ከፍ አድርገው ይሰቀል። ዝቅ ካለ እግሩ ገብቶበት ይሰበራል። ውኃ ከፊቱ አይጥፋ፤ ጨው በቀን 25 ግራም ያህል ይበቃዋል።

አሁን ትሉንና ቁርጠቱን እንመልከት። ለፈረስዎ ጨጓራ ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት ሦስት ነገር ያስመርምሩ። ጥርሱን ያሳዩ። ፋንድያውን አስመርምረው የትል መድኃኒት ይስጡት። የፊት እግሮቹን፣ በተለይ የጉልበቱን ውስጠኛ ጎን በጥንቃቄ ይዩ። ፀጉሩ ላይ የተጣበቁ ሰሊጥ የሚያካክሉ ቢጫ ፍሬዎች ካሉ የፈረስ ዝንብ እንቁላሎች ናቸው። ፈረሱ እግሩን ሲልስ እጩ ወደ አፉ ይገባና ጨጓራው ላይ ለወራት ተጣብቆ ያቆስለዋል። እንቁላሉን በደነዘ ቢላ ፍቀው ያንሱ። መድኃኒቱ በአፍ የሚሰጥ አይቨርሜክቲን ነው፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፤ ለ250 ኪሎ ፈረስ 50 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ፈረስ ጡንቻ ላይ አያስወጉ። የተወጋበት ቦታ አብጦ የሚሞት ፈረስ አለ።

ቁርጠት የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ጨጓራውም መነሻ ሊሆን ይችላል። ፈረሱ ከተንፈራገጠ፣ መሬት ላይ ከተንከባለለ፣ ካላበው፣ ፋንድያ ካልጣለ ወይም የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 ካለፈ (ጤነኛ ፈረስ ሲያርፍ ከ28 እስከ 44 ነው) ሐኪም የሚጠራው በዚያው ሰዓት ነው። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል ጨጓራው ከሞላ ሊፈነዳ ይችላል። መኖውን ከፊቱ ያንሱ፣ በአፉ ምንም አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ውስጥ የግልቢያ ፈረሶች ያሉበት ጋጣ ኃላፊ ነኝ። አንዲት ባዝራ ፀጉሯ ደብዝዟል፣ ሐኪሙ የጨጓራ ቁስለት ነው ብሎ ኦሜፕራዞል (አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) አዟል። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው የሰው 20 ሚሊ ግራም እንክብል ነው። ስንት መስጠት አለብን? ደግሞስ ቁስለቱ መኖሩ በምን ይረጋገጣል? — ከሱሉልታ

መልስ፦ በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ኢንዶስኮፕ (ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) በአፍንጫ አስገብቶ ጨጓራውን ማየት። ለዚህም ባዝራዋ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ከምግብ መከልከል አለባት። መሣሪያው በየክሊኒኩ የሚገኝ አይደለም። ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የደም ምርመራ ቁስለቱን አያሳይም። ፋንድያ ውስጥ ደም አለ የለም የሚለው ምርመራም አያስተማምንም። ቁስለቱ ከጨጓራ ቢደማ ደሙ ረጅሙን አንጀት እስኪያልፍ ተፈጭቶ ያልቃል። ኢንዶስኮፕ ከሌለ ሐኪሞች መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት ሰጥተው ለውጡን ያያሉ። የመኖ ፍላጎቷ በመጀመሪያው ሳምንት መሻሻል ይጀምራል። በሁለት ሳምንት ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ሌላ መሆኑን ጠርጥሩ እንጂ መድኃኒቱን አትጨምሩ።

መጠኑን ከማስላታችሁ በፊት ክብደቷን እወቁ። በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ያንሳል ወይም ይበዛል። በልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷን ዙሩና ለኩ። ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫዋ አጥንት ድረስ ርዝመቷን ለኩ። የደረት ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ ያገኛችሁትን በርዝመቱ አባዙ፣ ከዚያ ለ11,877 አካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 132 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 250 ኪሎ ይመጣል።

ለፈረስ ተብሎ የሚሠራው፣ በአፍ የሚሰጠው የኦሜፕራዞል ቅባት መጠን ለአንድ ኪሎ 4 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ለ28 ቀን። በዚህ መጠን 250 ኪሎ ባዝራ በቀን 1000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 50 እንክብል ያስፈልጋታል። ኦሜፕራዞል አሲድ ሲነካው ስለሚበላሽ የሰው እንክብል ውስጥ ያሉት ትናንሽ ፍሬዎች መከላከያ ሽፋን አላቸው። ለፈረስ ተብለው የሚሠሩ ሽፋን ያላቸው የኦሜፕራዞል ዓይነቶች ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊ ግራምም ይሠራሉ፤ ለዚህ ባዝራ 250 ሚሊ ግራም፣ ከ12 እስከ 13 እንክብል ማለት ነው። የሰው እንክብል ፈረስ ላይ እንደዚያው ስለመሥራቱ ሐኪማችሁ መወሰን አለበት። መጠኑን ዝቅ ካደረገላችሁ ስለዚህ ነው።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንክብሉን ትከፍታላችሁ፣ ፍሬዎቹን ግን አትፈጩም። ከተፈጨ ሽፋኑ ይጠፋና መድኃኒቱ ጨጓራ ውስጥ ይሞታል። እህል ላይ ከነሰነሳችሁትም ስታላምጥ ራሷ ትፈጨዋለች። በጥቂት ዘይት ወይም ስኳር ሽሮፕ ለውሳችሁ፣ አፏ ባዶ መሆኑን አይታችሁ፣ መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ በአፏ ጎን በኩል ምላሷ ላይ ወደ ኋላ አስገቡ። ጭንቅላቷን ከትከሻዋ በላይ አታንሱ። ጠዋት ከመብላቷ በፊት ስጡና ድርቆሹን ከአንድ ሰዓት በኋላ አቅርቡ። ምግብ ያለበት ሆድ መድኃኒቱን በደንብ አይቀበለውም። ይህ ሌሊቱን አታብሉ ማለት አይደለም፤ የማታ መረቧ ሌሊቱ ሲጋመስ እስኪያልቅ ትብላ።

ቁስለቱ ያለው በጨጓራው የታችኛው ክፍል ከሆነ ኦሜፕራዞል ብቻውን ብዙ ጊዜ አያድነውም። ሱክራልፌት ይጨመርበታል፤ ለአንድ ኪሎ 12 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ። ለ250 ኪሎ ባዝራ ከ1 ግራም ኪኒን በየጊዜው ሦስት ይሆናል። ይህኛው ቁስሉ ላይ ስለሚለጠፍ ተፈጭቶ በውኃ ይበጠበጥ፤ ከኦሜፕራዞሉ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። የታችኛው ክፍል ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል።

መኖው ሳይስተካከል መድኃኒቱ ብቻ ከተሰጣት ካቆመች በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ ገንዘባችሁም ይባክናል። ሲያልቅም በአንድ ቀን አታቋርጡ፤ ሐኪሙ መጠኑን እየቀነሰ ያስወጣት። በሕክምናው ጊዜ ቀላል እርምጃ ይበቃታል፣ ግልቢያ አይኖርም። አልፋልፋ የምታገኙ ከሆነ ለእሷ ስጧት። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ አሲዱን ያበርዳል። በቀን አንድ ኪሎ ደረቅ አልፋልፋ ይበቃል፤ ግማሹ ከመጋለቧ በፊት ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ወስጄ ድኛለሁ። የተረፈኝን ለፈረሴ መስጠት እችላለሁ? — ከቡራዩ

መልስ፦ አይስጡት። በሰው ላይ ቁስለት የሚያመጣው ባክቴሪያ በፈረስ ላይ ዋና ምክንያት መሆኑ አልታየም። ከሦስቱ መድኃኒቶች ሁለቱ ፀረ ባክቴሪያ ናቸው። እንደ ክላሪትሮማይሲንና አሞክሲሲሊን ያሉት በአፍ ሲሰጡ በትልቁ አንጀት ውስጥ ሣር የሚፈጩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። ውጤቱ በቀናት ውስጥ ፈረስ የሚገድል ተቅማጥ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ ከሆለታ ነው የምጽፍላችሁ። በእኛ ዘመን ሆዱን ለታመመ የጋማ ከብት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በአረቄ በጥብጠን በጠርሙስ እናጠጣ ነበር። ተልባም ይሰጣል። አሁን ልጄ እነዚህን ሁሉ ከለከለኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱ። — አዛውንት፣ ከሆለታ

መልስ፦ አባታችን፣ በተልባው እርስዎ ልክ ነዎት፤ በቀረው ልጅዎ ልክ ነው።

ተልባ ሲፈላ የሚወጣው ልጋግ ጨጓራውን ያለሰልሳል፣ ዘይቱም ለከሳ ፈረስ ይጠቅማል። ቁስሉን የሚያድን መድኃኒት ነው ብለን ግን አንነግርዎትም፤ ከመኖ ጋር የሚሄድ ደጋፊ ነው። አሠራሩ ላይ ይጠንቀቁ። 100 ግራም ተልባ በደንብ በፈላ ሁለት ሊትር ውኃ ላይ ይጨምሩና ልጋጉ እስኪወፍር ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያንተክትኩት፤ በርዶ ከፉርሽካው ጋር ይለወስ። ጥሬውን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር አይገባም። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ተልባ ሲያናይድ የሚባል መርዝ ይለቃል፤ የሚያጠፋው በደንብ ማፍላት ነው።

ፌጦ የቆሰለን ጨጓራ ያቃጥለዋል። ነጭ ሽንኩርት ሲበዛና ሲደጋገም የፈረስን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። አረቄውም ቁስሉን ያባብሰዋል። ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው ጠርሙሱን ነው። ፈረስ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ተይዞ ሲጋት ፈሳሹ ወደ ሳምባው ይገባል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በአፍንጫው የሚሸት ፈሳሽ እያወጣ በሳምባ በሽታ ይሞታል፤ ሰውም የሆዱ ሕመም ገደለው ይላል።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ላይ ለጎብኚ ፈረስ አከራያለሁ። አንዱ ፈረሴ ኮርቻ ሲጠበቅበት ለመንከስ ይሞክራል፤ ሲጋለብ ግን ችግር የለበትም። ጨጓራ ነው ወይስ ዓመል ነው? — ከእንጦጦ

መልስ፦ ኮርቻውን አውርድና ጀርባውንና የሆድ ማሰሪያው የሚያልፍበትን ቦታ በጣቶችህ ጫና እያደረግህ ዳስሰው። ገጣባ ካለበት ወይም ቆዳው ውስጥ የሚጠነክር ነገር ካገኘህ ምክንያቱ እሱ ነው። ቁስሉ ሳይድን አይጫን። ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ግን ከፊት እግሮቹ ኋላ በኩል ሆዱን ስትነካው ከተሸማቀቀ፣ በዚያ ላይ ካዛጋ፣ ጥርሱን ካፋጨ ወይም እህል ከመረጠ ጨጓራውን ጠርጥር።

ባዶ ሆዱን ቀሎት ይሮጣል የሚለውን ልማድ ተወው። ጎብኚ ከመቀመጡ ግማሽ ሰዓት በፊት ግማሽ ኪሎ ድርቆሽ ይብላ፤ ያ ብቻ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይረጭ ይከላከልለታል። የእንጦጦ ዳገት ሳምባውንም ልቡንም ስለሚፈትን እየተከታተለ የሚመጣ ጎብኚ ሲበዛ በየጉዞው መካከል ሣር ይቅመስ።

ጥያቄ፦ ፈረሴ አንካሳ ሆኖ ፌኒልቡታዞን ሦስት ሳምንት ሰጠሁት። አንካሳው ሲሻለው ፋንድያው ቀጠነ፣ መኖም ቀነሰ። አንዳንድ ቀን ዳይክሎፌናክም አስወጋዋለሁ። ጨጓራው ይሆን? — ከለገጣፎ

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ከጨጓራም ያለፈ ነው። ሁለቱንም ዛሬ ያቁሙና ሐኪም ያሳዩ። እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች የጨጓራን የታችኛውን ክፍል የሚጠብቀውን ንፍጥና የደም ፍሰት ይቀንሳሉ፤ ትልቁንም አንጀት ያቆስላሉ። ፋንድያው መቅጠኑ አንጀቱ ላይ ችግር እንዳለ ያመለክታል። ሆዱ ሥር ወይም እግሮቹ ላይ እንደ ሊጥ የሚጎደጉድ እብጠት ካዩ ፕሮቲን እያጣ ነው ማለት ስለሆነ አንድ ቀን አይቆዩ። ኦሜፕራዞል ጨምሮ ፌኒልቡታዞኑን መቀጠል አያስኬድም፤ አንጀቱን አይጠብቅለትም።

ለወደፊቱ፣ ፌኒልቡታዞን በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ4.4 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ይህም ለመጀመሪያው ቀን ወይም ሁለት ቀን ነው፣ ከዚያ ወደ 2.2 ይወርዳል። ለ250 ኪሎ ፈረስ 2.2 ማለት 550 ሚሊ ግራም ነው። ሁለት ማስታገሻ በአንድ ላይ በምንም ምክንያት አይሰጥም። ውኃ ያልጠጣ ፈረስም አይሰጠው፤ ኩላሊቱ ይጎዳል። ዳይክሎፌናክ የተወጋ እንስሳ ከሞተ ደግሞ ሬሳው ይቀበር። ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ በኩላሊት መበላሸት ይሞታል፣ በዙሪያችን የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ የአንድ ወር ውርንጭላ አለችን። እናቷ ጋሪ ትጎትታለች፤ ውርንጭላዋ ከጠዋት እስከ ማታ ቤት ትውላለች። ከሦስት ቀን ወዲህ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ በጀርባዋ ተገልብጣ ትተኛለች። ምን እናድርግላት? — ከሰንዳፋ

መልስ፦ ይህችን ደብዳቤ ለህትመት ሳናስቀምጥ በስልክ መልሰናል፤ ሌሎችም እንዲያውቁት እንደግመዋለን። ጥርስ ማፋጨት፣ ለሃጭና በጀርባ መተኛት በውርንጭላ ላይ አንድ ላይ ከታዩ የከፋ የጨጓራ ቁስለት ምልክት ናቸው። በአዋቂ ፈረስ ላይ ብዙ የማይደርሰው ነገር እዚህ ይደርሳል፤ ቁስሉ ጨጓራውን በስቶ በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። ሐኪም ዛሬ እንጂ ነገ አይጠራም።

የአንድ ወር ውርንጭላ በሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ትጠባለች፤ አሲዱን የሚያበርድላት ወተቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳትጠባ ስትውል ጨጓራዋ ያለ ምንም መከላከያ ይቀራል። ማታ እናቷ ስትመጣም ተርባ በአንዴ ብዙ ትጠባና ተቅማጥ ይከተላል። ሕክምናው ለአንድ ኪሎ 4 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል ነው። 40 ኪሎ ለምትመዝን 160 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ውኃ ካጠራት ሐኪሙ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣታል። ማስታገሻ መርፌ አታስወጓት።

እናትየው ቢያንስ እስከ ሦስት ወር ሙሉ ቀን አትጠመድ። ገቢው ግድ ካላችሁ ቅርብ ቦታ ሥሩና በየሁለት ሰዓቱ ወደ ቤት መልሷት፣ ላቧ ይድረቅና ታጥባት። ውርንጭላዋ በጋሪው ጎን ትከተል የሚለውን ግን አስፋልት ዳር አትሞክሩት።